ስለ ቅጠል ገንዘብና ስለ ባንክ መዝገብ በጎንደር የተደረገ ዲስኩር

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን፣ የቄስም የሼህም ልጆች የሆናችሁ የከተማችን ነጋዴዎች፣ እናንተም ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጣችሁ የሰው ገንዘብ የምትቆጥሩ ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በዚህ በጎንደር ስሙ ሲጠራ ብዙው ሰው ፊቱን የሚመልስበት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ይኸውም የጫት ንግድ ገንዘብ ወደ ባንክ ደጃፍ ሲመጣ ባንኩ ምን ሊያደርግ ይገባዋል የሚለው ነው። ረጅም ዘመን በባንክ ሥራ ኖሬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መተማ ሰሊጥ እንድናገር የጋበዙኝ ጥቂቶች አይደሉም፤ ስለዚህ ነገር ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔው ራሴ ለምኜ የመጣሁት፣ በገዛ እጄ የፈጸምሁት አንድ በደል በሕሊናዬ ተቀምጦ ሲወቅሰኝ ስለሚኖር ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር አገራችን፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን በመቆጣጠር ረገድ ጉድለት አለባቸው ተብለው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል ክትትል ሥር ከሚውሉት አገሮች ተርታ ገብታ ነበርና፣ ከበላይ የሚመጣልን ደብዳቤ ሁሉ ተጠንቀቁ፣ መርምሩ፣ አስታውቁ የሚል ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ስሙን በማልጠራው ባንክ የአንዲት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበርሁ። አንድ ቀን፣ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ከዳባት ወገን ከደጋው የወረዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማተባቸው ከአንገታቸው የሚታይ አንዲት ወይዘሮ እርጥብ ጆንያ በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ከጆንያው የወጣው ብር እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ጠርዙን አረንጓዴ ጭማቂ የነካው፣ እያንዳንዱ እስር ጫት በሚታሰርበት ልጥ የተቋጠረ ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ አንዱን እስር በሁለት ጣቱ አንሥቶ ካሸተተ በኋላ ዞሮ ወደ እኔ አየ።

“የምን ገንዘብ ነው፣ እናቴ?” አልኋቸው።

“የቅጠል ነው። ከባሕር ዳር በመኪና የሚመጣውን ተረክቤ እቸረችራለሁ” አሉ፤ አላፈሩም፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም።

ያፈርሁት እኔ ነበርሁ። ይህን መቀበል ያስቸግረናልና ሌላ ቀን ይምጡ አልኋቸው፤ ሌላ ቀን ማለቴ ፈጽሞ አይምጡ ማለቴ እንደ ሆነ ግን ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ወይዘሮዋም ከመቀነታቸው የኬላ ደረሰኝ ፈትተው በመስኮቱ ላይ አኖሩና፣ “ልጄ፣ ቅጠሉን መንግሥት ቀርጦታል፤ ብሩን ወዴት ልውሰደው ትለኛለህ?” አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ጆንያቸውን ጠቅልለው ወጡ።

በዚያች ቀን የጠበቅሁት ሕግ የትኛው እንደ ነበር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ መርምሬአለሁ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማብቀልንም መነገድንም ይቀጣል፤ ካናቢስ፣ ሕዝቡ ሐሺሽ የሚለው፣ በዚያ ሥር ይወድቃል። ጫት ግን በአገራችን የተፈቀደ ንግድ ነው፤ ነጋዴው ፈቃድ ያወጣበታል፣ ግብር ይከፍልበታል፣ በኬላ ይቀረጥበታል፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር የሚላከውም በ2013 የበጀት ዓመት ብቻ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል የውጭ ምንዛሪ አስገኝቷል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 780/2005ም ስሙ እንደሚያመለክተው የወንጀልን ፍሬ ይከታተል ነበር እንጂ፣ ሰው የሚጸየፈውን ንግድ ሁሉ ፍሬ አይከታተልም ነበር። እንግዲህ እኔ የጠበቅሁት ሕግ አልነበረም፤ የጠበቅሁት ነውርን ነበር፤ ነውርንም የሕግ ካባ አልብሼ ባንዲት መበለት ፊት አቆምሁት።

በመካከላችሁ ሊቃውንት ስላላችሁ ከመጻሕፍት አንድ ነገር ላንሣ። ይሁዳ ጌታውን የሸጠበትን 30 ብር በቤተ መቅደስ በትኖ በወጣ ጊዜ ሊቃነ ካህናቱ ያን ገንዘብ ወደ መባው ሣጥን ማግባት እንዳልተፈቀደ ተነጋገሩ፤ የደም ዋጋ ነበረና። በዚህ አነጋገራቸው ሕግ አዋቂዎች ነበሩ። ነገር ግን ያን 30 ብር ከገዛ ሣጥናቸው መዝነው የከፈሉት እነርሱ ራሳቸው አልነበሩምን? ከእጃቸው ሲወጣ ያልጠየቁትን ጥያቄ ወደ እጃቸው ሲመለስ ጠየቁት። ብሩም ከሣጥኑ ስለ ተከለከለ ከዓለም አልጠፋም፤ የሸክላ ሠሪ መሬት ተገዛበት፤ መሬቱም አኬልዳማ ተብሎ የደሙን ስም እስከ ዛሬ ተሸክሞ ቀረ። ይህን ንባብ በሰሙነ ሕማማት ስሰማ ወይዘሮዋ በመስኮቱ ላይ ያኖሩት ደረሰኝ ትዝ ይለኛል፤ ቀረጡን የተቀበለው እጅና ገንዘቡን የመለሰው እጅ ሁለቱም የአንድ አገር ሥርዓት እጆች ናቸውና።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለከተማችንም አዲስ አይደለም። በጻድቁ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1668፣ በዚህችው በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ በወሰነ ጊዜ ነጋዴዎቹ በዝቅተኛው ስፍራ በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈሩ፤ ሰፈራቸው አዲስ ዓለም ነው። መኳንንቱ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ የሚለብሰው ልብስ፣ ገበያው የሚለዋወጥበት አሞሌ ጨው፣ ወደ ምጽዋና ወደ ስናር የሚሄደው ዝባድ በእነርሱ እጅ ያልፍ ነበር፤ ቀረጥ የሚሰበስበውም ነጋድራስ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ወገን ይሾም ነበር። ሥራው ተፈልጎ ሠሪው የተናቀበት፣ ቀረጡ ተወድዶ ቀራጩ የተገፋበት ዘመን ነበር። ቅጠሉም ከዚያ ቀደም ብሎ በክርክር ውስጥ ገብቷል፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የክርስቲያኑን አገር ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መፎከሩን ይናገራል፤ ስለዚህ ከ600 ዓመት በላይ ቅጠሉ የወዲያኛው ወገን ምልክት ተደርጎ ሲቈጠር ኖሯል። ዛሬ ግን በመቃሚያ ቤት ማተብና ቆብ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ በጣና ዳር ያለው ገበሬም እህሉን ነቅሎ በመስኖ ጫት ሲተክል የሃይማኖት ልዩነት አላደረገም።

አሁን እስቲ ወደ ሩቅ አገር እንሂድ፤ ይህን የምናይበት ከሁሉ የሚበልጥ መስተዋት በአሜሪካ ይገኛልና። በአሜሪካ የኮሎራዶና የዋሽንግተን ክፍላተ ሀገር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ድምፅ ሰጥቶ ካናቢስን ለአዋቂ ሰው ፈቀደ፤ በኮሎራዶም ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮ መደብሮች በይፋ ተከፈቱ። በማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ግን ካናቢስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሄሮይን ጋር በአንድ ሠንጠረዥ የተመደበ ክልክል ዕፅ ነበር። ነጋዴው ከክፍለ ሀገሩ ፈቃድ አውጥቶ መደብሩን በፀሐይ ብርሃን ይከፍታል፤ ባንኩ ግን የሚመራው በማዕከላዊው ሕግ ስለ ሆነ የዚያን ነጋዴ ገንዘብ ቢቀበል የወንጀል ገንዘብ አጠብህ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ባንኮች በራቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ሕጋዊው ነጋዴ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል፣ ካዝናውን ጠመንጃ ባነገበ ዘበኛ የሚያስጠብቅ፣ ግብሩን በከረጢት ሞልቶ ወደ ግብር መሥሪያ ቤት የሚያደርስ ሆነ፤ ይህን ያወቁ ወንበዶችም መደብሮቹን ዒላማ አደረጉ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 14 ቀን 2014 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የፋይናንስ ወንጀል ተከታታይ ክፍል አንድ መመሪያ አወጣ። መመሪያው አስተዋይነት ያለበት ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ባንኩ እንዲህ ያለውን ነጋዴ ሊቀበል ቢወድድ በየጊዜው ማስታወቂያ ይልካል፤ ማስታወቂያውም ሦስት ዓይነት ነው። ነጋዴው የክፍለ ሀገሩን ሕግ ጠብቆ የሚሠራ ከሆነ አጭሩ ማስታወቂያ ይበቃል፤ ለሕፃናት የመሸጥ፣ ወደ ተከለከለበት ክፍለ ሀገር የመላክ፣ የወንበዴ ማኅበር ሽፋን የመሆን ምልክት ከታየበት ሁለተኛው፣ ብርቱው ማስታወቂያ ይላካል፤ ባንኩ ደንበኛውን አሰናብቶ ሒሳቡን ከዘጋ ደግሞ ሦስተኛው። በዚህ አሠራር ባንኩ ደንበኛው ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጣል፣ የሽያጩን ልክ ያውቃል፣ ልኩ ያለ ምክንያት ሲያብጥ ይጠይቃል። ሕጉ ባይለወጥም ዓይን ተከፈተ ማለት ነው። ይህም ሆኖ ፍርሃቱ አልለቀቀም፤ በኮሎራዶ ለዚህ ንግድ ተብሎ የተቋቋመ ፎርዝ ኮርነር የተባለ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከክፍለ ሀገሩ ፈቃድ ቢያገኝም የካንሳስ ሲቲው ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ዋናውን ሒሳብ ከለከለውና፣ በፍርድ ቤት ብዙ ከተሟገተ በኋላ የካናቢስ ነጋዴዎችን ራሳቸውን እንደማያስተናግድ ተስማምቶ ነበር ቅድመ ሁኔታ ያለበት ፈቃድ ያገኘው። ለባንኮች ከለላ የሚሰጥ ረቂቅ ሕግም በእንደራሴዎች ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢያልፍም በሴኔቱ ደጃፍ ቆሞ ቀርቷል።

ልቤን የሚነካው ግን ግብሩ ነው። ያው ክልክል ነው የሚለው ማዕከላዊ መንግሥት ከነዚሁ ነጋዴዎች የገቢ ግብር ይወስዳል፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ድንጋጌ የክልክል ዕፅ ነጋዴ የቤት ኪራዩንና የሠራተኛ ደመወዙን ከትርፉ ላይ እንዳይቀንስ ስለ ተከለከለ፣ ከሌላው ነጋዴ የከበደ ግብር ይከፍላል። ሠላሳውን ብር አስታውሱ።

የአሜሪካው ባንክ ሲፈራ ግን ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ከፊቱ የተጻፈ ሕግ አለና። እኔ በ2009 ዓ.ም. ስፈራ ከፊቴ የተጻፈ ምንም አልነበረም።

ይህን ስል የጫት ገንዘብ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ባንክም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበል ማለቴ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። አንዱ ዙርባ ጫት ድንበር ሲሻገር ባሕርዩን ይለውጣል። ከአወዳይ ተነሥቶ ጅቡቲ ሲደርስ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፤ ሎንዶን ሲደርስ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ ክልክል ዕፅ ነው፤ ሆላንድም እ.ኤ.አ. በ2013 ከልክላዋለች። በአሜሪካ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጥብቁ ሠንጠረዥ ይገኛል፤ ደርቆ ተፈጭቶ በሻይ ቅጠል ስም በፖስታ የሚላከውም በየወደቡ ይያዛል። እንግዲህ ጅቡቲ ላለ ገዢ የሚልክ ነጋዴና፣ ከአውሮፓ ምክንያቱ ያልታወቀ ሐዋላ በየሳምንቱ የሚደርሰው ሰው ሁለቱም የጫት ነጋዴ ነኝ ቢሉ፣ የባንኩ ሠራተኛ ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ ጠይቆ ነው። ሁለቱንም ያባረረ እንደ ሆነ አንዱን በድሎ፣ ሌላውን ከዓይኑ ሰውሮ ወደ ጓዳ ሰደደው።

ጥያቄውን ለመጠየቅ ደግሞ ንግዱን ማወቅ ያስፈልጋል። የጫት ነጋዴ ስለ ምን ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ እንደሚመጣ የሚያውቅ የባንክ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ከቅጠሉ ባሕርይ የተነሣ ነው፤ ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀነጠበ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ፣ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ሾፌሩ ሞትን እየናቀ በሚነዳው መኪና ይሮጣል። ዛሬ ያልተሸጠው ነገ ገራባ ነው። ስለዚህ ገበሬው ዱቤ አይሰጥም፣ ሾፌሩ ቼክ አይቀበልም፣ ቸርቻሪዋም መኪናው ከቀትር በፊት ደርሶላት እስከ ማታ ሸጣ ስትጨርስ ባንኩ ተዘግቷል። ብሩ እርጥብ የሆነው እጇ እርጥብ ስለ ነበረ ነው፤ እኔ ግን ያን እርጥበት የወንጀል ላብ አድርጌ ቈጥሬው ነበር።

ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጡ ልጆቼ፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በቀን ስንት ዙርባ ይረከባሉ? ከማን? የትኛው ኬላ ቀረጠው? በጾም ወራት ሽያጩ ይቀንሳል ወይስ እንዳለ ነው? በረመዳንስ? ይህን የምትመልስ ሴት መዝገቧን በራሷ ውስጥ ይዛ የምትኖር ናት፤ የምታስገባውም ብር ከመልሷ ጋር ሲመዛዘን ይታወቃል። በቀን 3 ዙርባ እሸጣለሁ የሚል ሰው የ100 ዙርባ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ያን ጊዜ ብዕራችሁን አንሥታችሁ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ጻፉ፤ መጻፋችሁንም ለእርሱ አትንገሩ፤ ሕጉ ይህን ያዛል። አገራችን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚያ የክትትል ዝርዝር የወጣችው እንዲህ ያለው ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ መሻሻሉ ታይቶ ነው፤ የእኔ ዓይነቱ በር መዝጋት ለዚያ አንዳች አላዋጣም።

ስለ ቅጠሉ ራሱ ምን ትላለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ አልወደውም። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን መምህራን የተማሪዎችን ጫት መቃም ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ የኖሩት በከንቱ አይደለም፤ ከጎረቤቶቼ ልጆችም በምርቃናና በእንቅልፍ ማጣት መካከል ትምህርታቸውን የጨረሱትን ሳይሆን የተዉትን በስም አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ስትከለክል በሥልጣኗ ነው። መንግሥትም ጎጂ ነው ብሎ ካመነ በአዋጅ ይከልክለው፤ ያን ጊዜ ባንኩም በሩን በአዋጁ ይዝጋ። ሕጉ በፈቀደው ንግድ ላይ ግን የባንክ ጸሐፊ በመስኮቱ ኋላ ተቀምጦ የንስሐ አባት ሊሆን አይችልም። የጠላ ሻጮችን፣ የአረቄ አውጪዎችን፣ የቢራ አከፋፋዮችን ገንዘብ ስቀበል አንድም ቀን አሽትቼ አላውቅም፤ ቢራ ያጠፋው ቤት ጫት ካጠፋው ያንሳል ብሎ የነገረኝም ሰው የለም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ነገሩ በከፊል እየተለወጠ ነው፤ ቸርቻሪዋ በስልኳ ትቀበላለች፣ መዝገቡም ራሱን ይጽፋል። በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ግን ገበያው ሁሉ ወደ ጥሬ ገንዘቡ ሲመለስ አይተናል፤ ስለዚህ የመስኮቱ ጉዳይ በስልክ ተፈታ ብሎ መተው አይቻልም።

ወደ ወይዘሮዋ ልመለስ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት መለወጡ ይፋ ሆነ፤ አሮጌዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች በ90 ቀን ውስጥ እንዲለወጡ ታዘዘ፣ ከ10,000 ብር በላይ የሚያስለውጥም ሁሉ በባንክ ሒሳብ በኩል እንዲያልፍ ተደነገገ። ተራው ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ በደጃፋችን ተሰለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮዋ በሰልፉ መካከል ቆመው አየኋቸው፤ ነጠላቸው ያው፣ ጆንያው ግን ደረቅ ነበር። ተራቸው ሳይደርስ ወጥቼ ልቀበላቸው ብል፣ ሰው ተሰልፎ የለም ወይ ብለው እምቢ አሉኝ። ተራቸው ሲደርስ ብሩን በመስኮቱ ላይ አኖሩ። ለአራት ዓመት ያህል በሸክላ ማሰሮ ከምድጃው አጠገብ ተቀብሮ የኖረ ነበርና፣ ከታች በኩል ያሉትን እስሮች ምስጥ ገብቶባቸው ልጡ ብቻ ቀርቷል፤ ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ። እኔ ራሴ ተቀምጬ ቈጠርሁት። በሥርዓቱ ሊለወጥ የማይችለውን ለይቼ ስመልስላቸው በመዳፋቸው ተቀብለው ጥቂት ተመለከቱትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የሒሳብ መክፈቻውን ቅጽ ስሞላ፣ ሥራ ከሚለው ፊት ለፊት ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የምሠራውን ታውቅ የለም?” አሉኝ።

የጫት ንግድ ብዬ ጻፍሁ። እርሳቸውም የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው፣ ባሳየኋቸው ስፍራ ላይ ቀስ አድርገው አተሙ።